አስረኛው በረንዳ

«ስምንት አይደለም፣ ዘጠኝ አይደለም፣ አስር አይደለም።» ሽማግሌው ሬብ (አቶ) ያንኬቭ ከበረንዳቸው ሆነው ቆጠሩ። በአይሁድ ልማድ ሰው እንደ ዕቃ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ሁሌም «አይደለም» እያሉ ነው የሚቆጥሩት። በወረርሽኙ ምክንያት ምኩራቡ ከተዘጋ ወዲህ ብሩክሊን ውስጥ ጎረቤታሞቹ እየተያዩ ከየበረንዳቸው ይጸልያሉ። ዛሬ ጠዋት አስረኛው ሰው ፋይቨል ነበር።

ጸሎቱ ሳይጀመር አንድ መኪና ቆመ። ሹፌሩ ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ይቀርጻቸው ጀመር።

«እዩልኝ፣ በሽታውን የሚያዛምቱብን እነዚህ አይሁዶች ናቸው።»

ፋይቨል መነጽር ቤት አለው፤ ደንበኞቹ አይሁድም አይሁድ ያልሆኑም ከየሰፈሩ ናቸው። ፊቱ በኢንተርኔት ሲዞር ታየውና ሹልክ ብሎ ወደ ቤት ገባ።

«ምነው ገባህ?» አለችው ሚስቱ ብራይንደል።

«ስልክ ተደውሎልኝ።»

«ስልክህ እኮ እኔ ጋ ነው።»

በመጋረጃው ጥግ አጮልቆ አየ። ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ጎረቤቱ ዜሊግ የጸሎት መጽሐፉን ይዞ ቆሟል። አባቱ በዚሁ በሽታ ሆስፒታል ውስጥ ብቻቸውን ሞተው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ልጅ ለሞተ አባቱ የሚያደርሰው የካዲሽ ጸሎት ደግሞ አስር ወንድ ካልተሟላ አይባልም። ሬብ ያንኬቭ ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚመጣ ጠፋ። ሁሉም ለየራሱ ጸለየ፤ ዜሊግም ካዲሹን ሳይል መጽሐፉን ዘጋ።

ፋይቨል አፈረ። ሱቁን የከፈተ ቀን የመጀመሪያውን መነጽር የገዙት የዜሊግ አባት ነበሩ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ለጎረቤት ግን ምን ይረባል?

ስልኩ ጮኸ፤ ብራይንደል አቀበለችው። ዜሊግ ነው።

«ሬብ ፋይቨል፣ ሲገቡ አይቼ ደነገጥኩ። አመመዎት እንዴ?»

«እኔ...»

«ትንፋሽ ያጥርዎታል? አባቴንም እንዲሁ ነው የጀመራቸው። አይደብቁን፣ ሐኪም እንጥራልዎ።»

ብራይንደል ታየዋለች። «አዎ፣ ትንሽ አሞኛል» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አላመመኝም» አለ። «ያን ሰውዬ ፈርቼ ነው የገባሁት።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ ዜሊግ። «ግን አባቴ ናቸው።»

ፋይቨል ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ለማታው ጸሎት ሬብ ያንኬቭ ሳይጠሩት ወጣ። በረንዳው ላይ አልቆመም፤ ደረጃውን ወርዶ፣ አላፊ አግዳሚው ፊቱን አጥርቶ የሚያይበት የመንገዱ ዳር ቆመ።