የአያ ጠሃ ግድግዳ

መምህር አበጋዝ ካርቶኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው «ይሄ እስከ ቅዳሜ ከዚህ ይውጣ» አሉኝ። በእጃቸው እንኳ አልነኩትም።

ካርቶኑ የመካነ ሰላም ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ አሰባስበው ለንባብ ቤቱ የላኩት ነው። ከላይ የነበረው የትምህርት መጽሐፍ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከታች የቀረው በሥዕል የተነገረ ታሪክ ነው፤ ገጹ በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሎ፣ ሰዎቹ የሚናገሩት ከአፋቸው በወጣ ክብ ውስጥ የተጻፈበት። ልጆቹ ኮሚክ ይሉታል።

«የት ላድርሰው ጋሼ?»

«ለገበያተኛ ስጠው። ቆሎ ይጠቅልሉበት።»

ስሜ ቢሻው ነው፤ የንባብ ቤቱ ጥበቃ ነኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ መጥረጊያው እኔ ጋ ነው፣ ሐሳብ የጠየቀኝ ግን የለም። መምህር አበጋዝ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነዋል። ድሮ አስተማሪዬ ነበሩ። አምስት ዓመት በር ስከፍትላቸው አንድ ቀን «አንተን የማውቅህ ይመስለኛል» አላሉኝም።

መጽሐፍ የምታውሰው ሀይማኖት ሰምታ ከጠረጴዛዋ ተነሣች። «ዓርብ ስብሰባ አለን አይደል ጋሼ? እዚያ እንነጋገርበትና ይውጣ ከተባለ ይውጣ።»

«ምን የሚያነጋግር አለው?» አሉ፤ ግን እምቢ አላሉም።

እኔ ያ ካርቶን እንዳይወጣ ፈለግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር ጥቂት ነው። ምክንያቱን ለመናገር ከአያ ጠሃ ግድግዳ መጀመር አለብኝ።

አያ ጠሃ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት ጋር በአጥር ይዋሰናል። ያኔ የጭቃ ግድግዳ ያለው ሰው ሁሉ ወረቀት ይለጥፍበት ነበር፤ ጭቃው ልብስ እንዳያቆሽሽ፣ ብርዱም በስንጥቁ እንዳይገባ። ሌላው ሰው ጋዜጣ ለጠፈ። ለአያ ጠሃ ግን አንድ የደሴ ሹፌር በሥዕል የተነገረ ታሪክ አመጣላቸው። ስፌቱን ፈተው፣ የወረቀቱን ቅጠል አንድ በአንድ ለይተው፣ በዱቄት ሙጫ ከስፌት መኪናው በላይ በተርታ ለጠፉት። ለጥፈው ሲጨርሱ ጨነቃቸው። የሚሰግዱት እዚያው ክፍል ነው፤ የሰው ፊት በተሣለበት ቤት መላኢካ አይገባም ሲባል ሰምተዋል። ወረቀቱን መልሰው እንዳይልጡት ደግሞ ሙጫው ደርቋል። ስለዚህ ከስፌት የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ አምጥተው በየፊቱ ላይ ለጠፉበት። ፖሊሱን ሰማያዊ ካኪ፣ ሽማግሌውን ባለመስመር ጨርቅ፣ ባለታሪኳን ልጅ ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ቀይ ሐር አለበሷቸው።

እኔ ማንበብ የተማርኩት እዚያ ግድግዳ ሥር ነው፤ ከልጃቸው ከዙሀራ ጋር።

ታሪኩ አንዲት ልጅ የአባቷን ደብዳቤ ይዛ ሩቅ አገር ስትሄድ ነው። ቀዩዋ እንላታለን። በየመንገዱ ሰው ያስቆማታል፤ ደብዳቤውን ሊቀማት የሚፈልግም አለ፣ ሊያነብላት የሚፈልግም አለ። ችግሩ ቅጠል ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ወደ እኛ ነው፣ ሌላው ወደ ጭቃው ተለጥፏል። ፖሊሱ ክንዷን ይይዛታል፤ ቀጥሎ ባለው ቅጠል ላይ ፖሊሱ የለም፣ እሷ ተራራ ላይ ናት። እንዴት አመለጠች? ያንን ጭቃው ነው የሚያውቀው። ስለዚህ እኛው እንፈጥረዋለን። እኔ ነክሳው ነው እላለሁ። ዙሀራ ደግሞ አልቅሳለት ራርቶላት ነው ትላለች። ፊቱ ካኪ ስለሆነ ይራራ አይራራ ማን ያውቃል።

በመጨረሻው ቅጠል ላይ ቀዩዋ ትልቅ ወንዝ ዳር ቆማለች። እዚያ ያልቃል።

«ተሻገረች» ትላለች ዙሀራ።

«በምን?»

«በጀልባ።»

«ጀልባ የት አለ?»

«ጀርባው ላይ።»

«ጀርባውን ማን አይቶት? ወንዙ ሞልቷል። ወደ ቤቷ ተመለሰች።»

«አንተስ ስትመለስ አየሃት?»

«ዝም በሉ እናንተ» ይላሉ አያ ጠሃ መርፌው ላይ አቀርቅረው። «ተሻገረችም ተመለሰችም እኔን እጄን አስወጋችሁኝ።»

ስንት ክረምት እንደተጨቃጨቅን አላውቅም። ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ፣ አንገታችንን ቀና አድርገን። ከዚያ ወዲህ ማንም ከኔ ጋር እንደዚያ ቆሞ አላነበበም።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ መምህር አበጋዝ አዲስ መጡ። ወጣት ናቸው፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው። አንድ ቀን አስነሥተው መጽሐፍ ሰጡኝ። ገጹን እስከ ታች ድረስ አንድም ሳልሳሳት አነበብኩት። ከዚያ መግለጥ ነበረብኝ። አልገለጥኩም። ቀና ብዬ የሚቀጥለውን ከራሴ መተረክ ጀመርኩ። ማታለሌ አልነበረም። ንባብ ማለት ለኔ እንደዚያ ነበር፤ አንዱን ገጽ ታነባለህ፣ ሌላውን ትፈጥራለህ። ክፍሉ በሳቅ እስኪንጫጫ ድረስ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

«ማንበብ የት ነው የተማርከው?» አሉኝ።

«ከግድግዳ።»

«እንግዲያው ወደ ግድግዳህ ዙር።»

ደወል እስኪደወል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆምኩ። ባዶ ግድግዳ ነበር፤ የሚነበብ እንኳ የለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ግድግዳው» ሆነ። ሰባተኛን አልጀመርኩም። አባቴ ለሰው ሲናገር እርሻው ሰው አጥቶ ነው አለ፤ እኔም እንደዚያው አልኩ።

ዙሀራ ተማረች፣ አቀስታ ከተማ ገብታ የአማርኛ አስተማሪ ሆነች፣ እዚያው አገባች። ያው ግድግዳ ነው። እሷን አስተማሪ አደረገ፣ እኔን ዘበኛ። አያ ጠሃ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ መጥታ ቁጥሯን ሰጠችኝና «ደውል» አለችኝ። አልደወልኩም። ደውዬ ምን ልበላት? በር እከፍታለሁ ልበላት? ቤቱን የገዛው ሰው አፍርሶ በብሎኬት ሠራው። ሲያፈርሱ ሮጬ ሄጄ ነበር። የመጨረሻውን ቅጠል ለመላጥ ስሞክር እንደ ደረቀ የዛፍ ቅጠል እጄ ላይ ተፈረፈረ፤ ቀዩዋም ፊቷ ከሐሩ ጋር ተነሣ። ከሐሩ በቀር የተረፈ ነገር የለም።

ከስብሰባው በፊት፣ ረቡዕ ዕለት ኔትወርክ ሲመለስ ለዙሀራ ደወልኩላት።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ቢሻው ነኝ።»

«የትኛው ቢሻው?»

ልዘጋው ነበር። «የመካነ ሰላሙ» አልኩ። «የግድግዳው።»

ሳቀች። ድምጿ ጎርነን ብሏል፤ ሳቋ ግን ያው ነው። «አንተ ልጅ፣ አለህ? ወላሂ ረስተኸኛል ብዬ ነበር። ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?»

«አልሀምዱሊላህ» አልኳት። ክርስቲያን ነኝ፤ ከእነሱ ቤት ሰው ጋር ሳወራ ግን ሌላ ቃል አይመጣልኝም።

የካርቶኑን ነገር ነገርኳት። «ዓርብ ብትመጪ አስተማሪ ስለሆንሽ ይሰሙሻል። እኔና አንቺ ከምን እንደተማርን ንገሪያቸው።»

«መንገዱን እንደምታየው ነው፣ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ልጆቼም ፈተና ላይ ናቸው። አንተው ንገራቸው።»

«እኔን ማን ይሰማኛል?»

«ተናግረህ ታውቃለህ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«መምህር አበጋዝ እኔንም እኮ አስነሥተውኝ ነበር» አለች። «ሳልገልጥ ከራሴ ቀጠልኩ። ሲስቁብኝ አብሬ ሳቅሁና ገለጥኩት። ሳነበው የኛው ይሻል ነበር።»

ሠላሳ አምስት ዓመት ይህ በኔ ላይ ብቻ የደረሰ ይመስለኝ ነበር። ለምን ቶሎ አልነገረችኝም ብዬ ልቆጣት ፈለግሁ፤ ግን ያልደወልኩት እኔ ነኝ።

«አሁንም ተሻግራለች ትያለሽ?» አልኳት።

«ተሻግራለች እንጂ። አንተ ነህ የመለስካት።»

«ወንዙ ሞልቶ ነበር።»

«አብሽር ቢሻው፣ ወንዝ ይጎድላል» አለች። ሌላም ነገር ጀምራ ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ። ምን ልትለኝ እንደነበር አላውቅም። ይኸው ይህም ጀርባው ጭቃ ላይ ቀረ።

ዓርብ ከሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከመምህር አበጋዝና ከሀይማኖት ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔ እንደ ወትሮዬ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

«ሥዕሉ ሁሉን ያሳየዋል» አሉ መምህር አበጋዝ። «ዝናቡን ያሳየዋል፣ ፈረሱን ያሳየዋል። ታዲያ ልጁ በራሱ ጭንቅላት ምን ይሥላል? ፊደል ድካም ይጠይቃል። እኛ አገር የማንበብ ልማድ ገና እየበቀለ ነው። በዚህ ዓይነት ነገር ካሰነፍነው በኋላ ወፍራም መጽሐፍ ብትሰጡት አይዝላችሁም።»

«ጋሼ፣ ልጆቹ እዚህ በር የገቡት እኮ በዚህ ካርቶን ነው» አለች ሀይማኖት። «ይሄን ሲጨርሱ ሌላውን ይጠይቁኛል።»

«ይጠይቃሉ፣ ያነባሉ ወይ?»

«አንዳንዶቹ።»

«አንዳንዶቹ» አሉና ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞሩ።

እውነቱን ልናገርና ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ጽሑፉን ዘልለው ሥዕሉን ብቻ አገላብጠው የሚሄዱ ልጆች አያለሁ። ግን ከመደርደሪያው ላይ ወፍራም መጽሐፍ ሲያወርድ ያየሁት ትልቅ ሰውም የለም፤ መምህር አበጋዝንም ጨምሮ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።

«አንድ ነገር ልናገር» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። አንደኛው ሰውዬ ስልኩን አስቀመጠ።

«እኔ ማንበብ የተማርኩት ከሥዕል ነው። በአያ ጠሃ ግድግዳ ላይ። ልብስ ሰፊው። ግማሹ ስለማይታይ ግማሹን በራሴ ጭንቅላት ነበር የምሥለው። ስድስተኛ ክፍል እርስዎ አስነሥተው አስነበቡኝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳህ ዙር አሉኝ። ያስታውሱኛል?»

መምህር አበጋዝ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ሲያስቡ ቆዩ፤ ውሸት አልነበረም፣ ከልባቸው ነው የፈለጉኝ።

«የቱን ዓመት?» አሉ።

ነገርኳቸው።

«አላስታውስም ልጄ። አዲስ ነበርኩ። ተማሪ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም ነበር፤ እኛንም እንደዚያ ነበር ያቆሙን።»

በቃ ይኸው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከእሳቸው ዘንድ ባዶ ቦታ ነበር። ይቅርታ ቢሉኝ ምን እንደምመልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ቢክዱም አዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ ግን አላዘጋጀሁም።

«እና ምን ይሁን ትላለህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ዓይኔ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ላይ አረፈ። ኖራው ተልጦ ጭቃው መጽሐፉ ላይ ይረግፋል፤ ስንት ጊዜ አመልክቻለሁ፣ የሰማኝ የለም።

«ግድግዳው ላይ ልለጥፈው» አልኩ።

አንደኛው ሰውዬ ሳቀ። መምህር አበጋዝ ግን አልሳቁም። ዞረው ግድግዳውን አዩት፣ በጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን አበሱ። «መደርደሪያ ላይ እስካልወጣ ድረስ» አሉ፣ «ጭቃውን ከያዘልን ለጥፈው።»

ቅዳሜ ለገበያ ሳልወጣ ሙጫ አፈላሁ። ሀይማኖት ሽቦውን እየነቀለች ቅጠሉን ታቀብለኛለች። ሙጫውን የቀባሁት በላይኛው ጠርዝ ብቻ ነው። እንዲያ ከሆነ ወረቀቱ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላል፣ ያነበበ ልጅ ከታች አንሥቶ ጀርባውን ያያል። ሀይማኖት ሲገባት «ጋሼ ቢሻው፣ ይሄን ከማን ተማሩት?» አለችኝ። ጋሼ ብላኝ አታውቅም።

«ከስሕተት» አልኳት።

ሰኞ መምህር አበጋዝ መጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። ወደ ወንበራቸው ሲሄዱ ቆም አሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣት አንሥተው ከሥር አዩ። ቀጥሎ ያለውንም አነሡ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ጀርባቸውን ሳየው ግን ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ሰፍቷቸዋል፤ ኮሌታው ተጠማዟል፣ የሚተኩስላቸው ሰው የለም።

በሩ አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ ቅጠል ግን አትነሣም። አራቱንም ጠርዝ ሙጫ ቀብቼ ነው የለጠፍኳት። ሀይማኖት «ይቺን ለምን ዘጉብን?» ስትለኝ «ሙጫው በዝቶብኝ ነው» አልኳት።

ትናንት ሁለት ልጆች እዚያች ቅጠል ሥር ቆመው ነበር፤ አንዲት ሴት፣ አንድ ወንድ። በጥፍራቸው ጠርዙን ሞከሩት፣ እምቢ አላቸው። ከዚያ ምን ሆነ በሚለው ተጨቃጨቁ፤ ወንዱ ልጅ ባለታሪኩ ሞተ ይላል፣ ሴቷ አልሞተም ትላለች። እሷ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ጀርባው ላይ ምን አለ?» አለችኝ።

ጀርባውን ሳላነብ ነው የለጠፍኩት።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኳት።