ትኩስ ዓሣ አይሸትም

የገበያው ሰው «እትዬ አፍንጫ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ዓሣ ሻጩ ነው። የሰርዲን ወራት በገባ ቁጥር አንዲት ጨዋታ አለቻቸው፤ እሱ ከሳጥኑ መሐል አንድ ያደረ ዓሣ ይሸጉጣል፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ያሸቱና እሱኑ መዝዘው ደረቱ ላይ ይወረውሩበታል። ከዚያማ ሳቅ በሳቅ ነው።

ዘንድሮ ጉንፋን ያዛቸው፤ ሲለቃቸው ማሽተታቸውን ይዞት ሄደ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ከምራታቸው ጋር የያዙት ምግብ ቤት የቆመው በሳቸው አፍንጫ ነው፤ እሱ ከሌለ አንዲት አሮጊት ጥግ ይዛ ከመጦር በቀር ምን ቀራት? ክፋቱ ደግሞ ትኩስ ዓሣ ምንም አይሸትም። ለእሳቸው አሁን ዓሣ ሁሉ ትኩስ ነው።

ዛሬ የወራቱ የመጀመሪያ ሰርዲን ገባ፤ ሆዱ የሞላ፣ ፍም ላይ በራሱ ስብ የሚጠበስ። አጠገቡ የነበረውን ሸርጣን አንስተው በእጃቸው መዘኑና «ይሄ ሥጋ አልያዘም፣ ገና ቅርፊት ብቻ ነው፣ ይቆይ» አሉ። እጃቸው አልከዳቸውም። ወደ ሰርዲኑ ጎንበስ አሉ፤ አሸተቱ፤ ቀና አሉ።

«ሁሉንም ስጠኝ።»

ዓሣ ሻጩ ደረቱን ነፍቶ እየጠበቀ ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ሁሉንም፣ እትዬ?»

«አልሰማህም እንዴ?»

እጁን ሰዶ አንዱን መዘዘና ለድመቶች ጣለው። «ይቺ በስህተት ገብታ ነው» አለ፣ ሳያያቸው። ቢስቅባቸው ይሻላቸው ነበር።

ቤት ሲደርሱ ሳጥኑን ምራታቸው ፊት አስቀመጡ። «እስቲ አሽቺልኝ፣ ልጄ።»

ምራትየዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ አሸተተች። «ምንም አይሸትም፣ እማማ።»

«ለእኔም ምንም። ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከጉንፋኑ ወዲህ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያሸተው?»

«እግዜር።»

ምራትየዋ አልሳቀችም። ሳጥኑን ወደ ራሷ ሳበች፣ አንዱን ዓሣ አንስታ ስንጥቡን ገለጠች። «እንግዲህ ይንገሩኛ። ማደር ሲጀምር ምን ምን ይላል?»

ይህን ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም። አሽትተው ያውቁ ነበር እንጂ በቃል ተናግረውት አያውቁም።

«መጀመሪያ ላይ... ሳይደርቅ የታጠፈ ፎጣ፣» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቆዪ፣ ልጄ፣ ቆዪ። መጣልኝ።»