በርሊን ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

አቶ መኩሪያ ልጃቸው በርሊን መግባቱን ለቀበሌው ያሳወቁት፣ ልጁ ገና ሮም እንኳን ሳይደርስ ነው።

ጥፋቱ የእፀገነት ነበር። ከትናንት ወዲያ አባቷ «በርሊን ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ሲሏት አትላስ ዘርግታ ከዚህ እስከ በርሊን ያለውን ርቀት በክር ለካች። አምስት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር፤ ለጄት ስድስት ሰዓት ነው አለቻቸው። አውሮፕላኑ አስመራ እንደሚያርፍ፣ መንገደኛው ሮም አድሮ ሌላ እንደሚሳፈር ታውቃለች። ግን ሮምን ማንሳት አልፈለገችም። ወንድሟ አምሐ ሮም ወርዶ በዚያው እንደሚቀር የነገረው ለእሷ ብቻ ነው።

አቶ መኩሪያ ደግሞ ልጁ ተምሮ ለመመለሱ ዋሱ ናቸው። «መድረሱን ሳልውል ሳላድር አሳውቃለሁ» ብለው ፈርመዋል፤ የፈረሙትን ደግሞ አያሳድሩም። ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት የተነሳ በዘጠኝ ይገባል ብለው፣ ከሚሠሩበት ዱቄት ፋብሪካ አስፈቅደው በአሥር ሰዓት ቀበሌ ተገኙ። «ልጄ በክር ለካችው» ቢሉ መሳቂያ እንዳይሆኑ ፈርተው፣ «ፋብሪካ ደውሎ በሰላም ገባሁ አለኝ» አሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ደገፋ ቤታቸው ድረስ መጣ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ይሄ ልጅ የሄደው በሮኬት ነው?» አለ ሳይቀመጥ።

«ምነው ጓድ ሊቀመንበር?»

«አምና ለሥልጠና ስሄድ ሮም አድሬ፣ ቁርሴን እዚያው በልቼ ነው በርሊን የገባሁት። የእርስዎ ልጅ ዛሬ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ እዚያ ደረሰ ማለት ነው? ከየት ነው የደወለው?»

አቶ መኩሪያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እፁ፣ ስድስት ሰዓት አላልሽም?»

«ብያለሁ» አለች። «ስልክ የሚባል ነገር የለም፣ ጓድ ደገፋ። እኔ በካርታ ለካሁ፣ አባባ አመኑኝ። ስልኩን ከራሳቸው ጨመሩበት።»

ደገፋ ከት ብሎ ሳቀ። «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ክር ስትለኪ ከረምሽ?» ሳቁን ወዲያው ዋጠው። «እስከ ነገ ማታ ከበርሊን ቴሌግራም ልይ። ካልመጣ ዋሱን ይዤ ከበላያችን ላለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት እቀርባለሁ።»

«ይመጣል እንጂ! ለምን ይቀራል?» አሉ አቶ መኩሪያ፣ እፎይ ብለው።

እፀገነት ፊታቸውን ማየት አቃታት። አምና ለወንድሙ ልጅ ዋስ የሆነው ጎረቤታቸው፣ ልጁ ውጭ አገር ሲቀር ታስሮ፣ ከስምንት ወር በኋላ በከዘራ ነው የተመለሰው። አምሐ ምነው ፈሪ በሆነ፣ ምነው ነገ በተሳፈረ ብላ ተመኘች። ፈሪ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች።

«ሴት ዋስ ትሆናለች?» አለችው ደገፋን።

«ደሞዝ ካላት ምን ገዶኝ!»

«አስተማሪ ነኝ። ቢሮው ሳይዘጋ በአባባ ፈንታ ልፈርም። ያልተደወለ ስልክ የሚሰማ ሰው ለዋስነት አይሆንም።»

«እኔን ነው?» አሉ አባቷ።

«አልዋሸችም!» አለ ደገፋ፣ እንደገና እየሳቀ። «ነይ፣ ጸሐፊው ሳይሄድ።» ወደ ደጅ ወጣ።

«ምን ያስቸኩላል? ነገ ቴሌግራሙ ሲመጣ...» ብለው ጀመሩና አቋረጡት አቶ መኩሪያ። ቀና ብለው አዩዋት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እፁ፣ ሮም ምን አለ?»

ጫማዋን አጠለቀች፣ ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።