ከቆሎው ጋር የመጣ ክኒን

የኡሙሀኒ አፍና ዓይን ከደረቁ አምስት ወር ሆኗቸዋል። እንጀራ ያለ ውሃ አይወርድላትም፤ ብርድ ልብስ በምትሰፋበት ፋብሪካም የማሽኑ መርፌ ብዥ ይልባታል። አሊዩ አምባ ያለች አክስቷ ዓይነ ስውር የሆነችው እንዲሁ ጀምሯት ነው ስለሚባል፣ የእኔም ተራ ደረሰ ብላ ፈርታለች።

ሐኪም ቤት ሄዳ ተመረመረች፤ ዶክተር ሕይወት የምርመራውን ውጤት አየች። «ስኳር የለብሽም። ሰውነት የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢ የሚያጠቃበት በሽታም ምልክቱ አልተገኘም። መድኃኒት አልወስድም ነበር ያልሽኝ?»

«ኧረ ምንም!»

«የብርድ ልብሱ ሱፍ ብናኝስ አያስነጥስሽም?»

«ድሮማ ይገድለኝ ነበር። አሁን ፋሲካ የምትባል ባልደረባዬ ጠዋት ቆሎ ስታካፍለን አንድ ቢጫ ክኒን ጣል ታደርግልኛለች፤ ወዲያው ይተወኛል።»

«እሱ ታዲያ መድኃኒት አይደለም?»

«ሐኪም ያዘዘውን የጠየቁኝ መስሎኝ! ይሄማ ከቆሎው ጋር የሚመጣ ነው።»

ዶክተሯ ሳቀች። «ያደረቀሽ እሱ ነው፤ የአለርጂ ክኒን ንፍጡን ሲያደርቅ እንባና ምራቁንም ያደርቃል። ተዪው፤ ማስክ አድርጊ።»

«ዓይኔ አይጠፋም?»

«አይጠፋም።»

በአሥረኛው ቀን ፋሲካ ከዓመት ፈቃዷ ተመልሳ እንደ ልማዷ እጇን ስትዘረጋ፣ ኡሙሀኒ ቆሎውን አፍሳ ክኒኑን መለሰችላት።

«ምነው፣ ናቅሽኝ?»

«በአንቺ ደግነት ልታወር ነበር እኮ!»

ቆሎውን አላምጣ ያለ ውሃ ዋጠችው። ማስኳን ሳትመልስ ብናኙ አፍንጫዋ ገባና ሦስት ጊዜ አስነጠሳት፤ እንባዋም በጉንጯ ወረደ።

«ይማርሽ! ክኒኑን ላምጣ?» አለች ፋሲካ።

«ተዪኝ፣ ይውረድ» አለች ኡሙሀኒ እየሳቀች። «አልሐምዱሊላህ!»