የዘመናይ ቦታ

ክርር… ክርር… ክርር።

ሱሩር ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ ድምፁን ሰምቶ ቆመ። ገና አልነጋም፤ ከሐዲዱ ወዲያ ያሉት ግራሮች እንኳ ከሰማዩ አልተለዩም። ድምፁ የሚመጣው ከጎረቤቱ አጥር ውስጥ ነው። ደግሞ የአጥንት ድምፅ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሥጋ ሲሸጥ የኖረ ሰው ይኸ አይጠፋውም። ጅብ ገብቶ እያኘከ መሆን አለበት ብሎ ዱላውን ከፍ አደረገና በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከ።

ጅብ አልነበረም። አቶ ገብረወልድ ነበር፤ የባቡር ጣቢያው አናጢ። ግንድ ላይ ተቀምጦ፣ ኩራዙን አጠገቡ አስቀምጦ፣ አንድ ነጭ የበሬ አጥንት በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ በሞረድ ይሞርዳል።

«አካም ቡልቴ፣ ገብሬ!» አለ ሱሩር ዱላውን እየጣለ። «ልገልህ ነበር እኮ!»

«በምን ጥፋቴ?»

«ጅብ መስለኸኝ ነዋ። አሁንም ያው ነህ። ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ክርስቲያን ሁሉ ሲጾም አንተ ጓሮ ተደብቀህ አጥንት ትግጣለህ?»

ገብረወልድ ሳቀ። ሚስቱ ሮማነወርቅ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ኩራዙን አንሥቶ ከበረንዳው ሥር ወዳቆመው ነገር አስጠጋው።

አግዳሚ ወንበር ነው። ረጅም፣ መደገፊያ ያለው፣ ከደረቀ ዋንዛ የተሠራ። መደገፊያው ዳር ዳሩን በጥቁር ቀንድ ተከቧል። በመካከሉ ደግሞ እንጨቱ በመሮ ተፈልፍሎ ነጭ የአጥንት መስቀሎች ተከተውበታል፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ገብረወልድ ይኸን ሙያ የለመደው ድሬዳዋ ሳለ፣ ለሀብታም ቤት ሣጥን ከሚሠራ አንድ ግሪክ ነው። አዳማ ከመጣ ወዲህ ግን የፉርጎ በርና የጣቢያ መስኮት ሲጠግን እጁ ረስቶት ነበር።

«ይኸ የኔ ቦታ ነው» አለ በጣቱ እያሳየ። «ይኸ የሮማነወርቅ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ይኸ የኃይለየሱስ ነው።»

ጣቱ ከዳር ደረሰና ቆመ። እዚያ ምንም አልነበረም።

«ይኸኛውስ?»

«የዘመናይ።»

ሱሩር ዱላውን ከመሬት አነሣ።

ዘመናይ የገብረወልድ ልጅ ናት። የሞጆውን ቆዳ ነጋዴ አብዱልመናንን ተከትላ ሄዳ፣ ሰልማ፣ በኒካህ ካገባችው አራተኛ ዓመቷ ነው። አሁን ስሟ ዘሃራ ነው። ወሬው አዳማ የደረሰ ዕለት ገብረወልድ አልጮኸም፤ አልተሳደበምም። ወደ ቤት ገባና በልጅነቷ የሠራላትን ትንሽ በርጩማ ይዞ ወጣ። ሰፈርተኛው እያየው በመጥረቢያ ፈለጠው፤ እሳት ውስጥ ጨመረው። ያን ዕለት ሮማነወርቅ ምድጃው አጠገብ አልደረሰችም። ምሳም አልተበላም። የበርጩማው ወሬ ሞጆ ለመድረስ ባቡር እንኳ አላስፈለገውም።

ሮማነወርቅ የሞተችው አምና ጥቅምት፣ ለዘውዱ በዓል የሚሄዱ የውጭ አገር እንግዶች በባቡር በሚያልፉበት ሰሞን ነው። ጣቢያው ባንዲራ ለብሶ ነበር። ገብረወልድ ጠዋት ቀብሯት ሲመለስ የተሰበረ በር ጠግን ተብሎ ተጠራ። አልጋ ላይ ሳለች የለመነችው አንድ ነገር ነው፦ «ልጆቼን አንድ ላይ ያስቀምጡልኝ።» እሺ ብሏት ነበር። በቀብሩ ዕለት ግን ዘመናይ ከአጥሩ ውጪ ቆማ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ስታለቅስ አያት፤ ግቢ አላላትም። ሰው ያየኛል ብሎ ነው። በኋላ የመስኮት ፍሬም በላገ ቁጥር፣ ምስማር በመታ ቁጥር የሚታየው ያ ሻሽ ነው።

«ለሙት ዓመቷ ልጠራት ነው» አለ ሞረዱን እያራገፈ። «ሱሩር፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከእናንተ እርድ አንድ የጭን አጥንት ስጠኝ።»

«ይኸ የያዝከው ምን ሆነ?»

«ይኸ የኛ እርድ ነው።»

«አጥንት እኮ ነው፣ ገብሬ! አግዳሚውን ልትበላው ነው እንዴ?»

«አትበላውም። ጀርባዋን ታስደግፍበታለች። የኛን እርድ አፏ ካልነካው ጀርባዋ ለምን ይንካው?»

ሱሩር ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። «ሂድ ወዲያ» አለ ብቻ። «ከሰዓት በኋላ አመጣልሃለሁ። ሥጋውን ግን አስቀርቼ ነው፤ አንተማ ዛሬ ጾም ነህ።»

አጥንቱ መጣ። ገብረወልድ በአመድ ውኃ ቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ እንደ ወተት እስኪነጣ ፋቀው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ምን ይቅረጽበት?

ጣቢያው ውስጥ ቲኬት የሚቆርጠው ልጁ ኃይለየሱስ ማታ ማታ ሲመጣ አግዳሚውን ይዞረዋል።

«አባባ፣ እንደኛው መስቀል ያድርጉበት። የሄደችው እሷ ናት እንጂ ቦታው አልሄደም።»

«መስቀል ካደረግሁበት አትቀመጪበት ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው ጨረቃ ያድርጉላታ!» አለ ልጁ ሲያላግጥ።

ገብረወልድ ግን ቀልዱን እንደ ምክር ቆጠረው። ኃይለየሱስ ከሄደ በኋላ እርሳስ አንሥቶ ባዶው ቦታ ላይ ጨረቃ ሊሥል ሞከረ። እዚያው መደገፊያ ላይ የሮማነወርቅ መስቀል አለ። እጁ እምቢ አለው። የሣላትን ግማሽ ጨረቃ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አጠፋት፤ ወዲያው ደግሞ ስላጠፋት ተጸጸተ።

«አበባ አድርግላትና ተገላገል» አለው ሱሩር በማግስቱ።

«ምናልባት። ግን ልጠይቃት። ስሟን ስናወጣ አልጠየቅናትም። በርጩማዋን ስፈልጥም አልጠየቅኋትም። ይኸን እንኳ ልጠይቃት።»

እናም እንጨቱን ክብ አድርጎ ፈለፈለው። ክብ ማንኛውንም ይቀበላል። አጥንቱንም በዚያው ልክ ክብ አድርጎ ቆረጠ፤ ዝም ያለ፣ ምንም ያልተቀረጸበት። ልኩ እጅግ ጥብቅ ከመሆኑ የተነሣ አንድ ጊዜ ከገባ ሳይሰበር አይወጣም። ስለዚህ አላስገባውም። ከመረጠች በኋላ ዓይኗ እያየ ይቀርጸውና ሙጫውን አሙቆ ይከተዋል። እስከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ኮት ኪሱ ውስጥ አኖረው። ሥራ ቦታ ሆኖ ሳይቀር እጁን እየሰደደ ይዳብሰዋል።

ሱሩር ከብት ሊገዛ ሞጆ ሲወርድ መልእክቱን ያዘ።

«ስለ አግዳሚው እንዳትነግራት» አለው ገብረወልድ። «ስትመጣ ትየው። ደስታዋን ፊቷ ላይ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ቢያንስ ባዶውን ልንገራት።»

«ምንም! በአላህ በል።»

«ወላሂ አልናገርም። አንተ ሰውዬ ግን…» ሱሩር ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሲመለስ ገብረወልድ አጥሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ምን አለች?»

«‹የት ነው የሚያስቀምጡኝ?› አለችኝ። ‹በር ላይ ነው? ወይስ ከጎረቤት ጋር?›»

«አንተስ?»

«አፌን ዘግተኸኛል። ቦታሽ ተዘጋጅቷል አልኳት። አለቀሰች መሰለኝ፤ ጀርባዋን አዙራ ነበር። እመጣለሁ ብላሃለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገብሬ፣ ስትመጣ ዘሃራ ብለህ ጥራት። አንዴ ብቻ። ሌላውን ሁሉ ትረሳዋለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገብረወልድ ሲልግም ሲሞርድም በከንፈሩ ይለማመዳል። በመጋዙ ምላሽ «ዘሃ»፣ በመጋዙ ስበት «ራ»። ብቻውን ሲሆን ጥሩ አድርጎ ይለዋል።

የሙት ዓመቱ ዕለት ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ። ካህናቱ ጸልየው ከዳሱ ራስጌ ተቀመጡ፤ ከቡልጋ የመጡ ዘመዶችም፣ የጣቢያ ሠራተኞችም ነበሩ። ከአጥሩ ጥግ ለብቻው እሳት ተቀጣጥሏል፤ እዚያ የሱሩር ሚስት ኡሙሰልማ በሱሩር የታረደውን በግ በራሷ ድስት ትሠራለች። ለዘመናይ ብርዝ በንጹሕ ብርሌ ተቀምጧል። አንዲት የቡልጋ ዘመድ ድስቱን አይታ «ይኸ ደግሞ የማን ነው?» ብትል፣ ገብረወልድ ራሱ «የልጄ» ብሎ መለሰ። ጮክ ብሎ ነው ያለው። ያን ያህል ደፋር ነበር በዚያች ሰዓት።

ዘመናይ በበቅሎ መጣች። በልጅነቷ ትሾልክበት በነበረው ቀዳዳ ሳይሆን እንደ እንግዳ በዋናው በር ገባች። አብዱልመናን የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ውጪ ቀረ። ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እሱም ትከሻዋን ይዞ አነሣት። «ደኅና ነሽ?» አላት። ስም አልጠራም። ሰው ሁሉ ያዳምጥ ነበር።

«ደኅና ነኝ፣ አባባ። እርስዎስ?»

«ይመስገን። ነይ።»

ክንዷን ይዞ ወደ አግዳሚው ወሰዳት። ኃይለየሱስ ከቦታው ብድግ ብሎ ጉንጯን ሳማት። ገብረወልድ መቀመጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገላት፤ እሷ ግን ቶሎ አልተቀመጠችም። መደገፊያውን ታያለች። የአባቷን መስቀል አየች፤ የእናቷን በመዳፏ ዳበሰች፤ የወንድሟን አለፈች። ከዚያ ጣቷ ከዳር ደረሰ። በክቡ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ዙር ዞረ።

«ይኸ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ!» አለ ገብረወልድ። ፊቱ በርቶ ነበር።

«የኔ ይኸ ነው?»

«ያንቺ ነው። እኔ ነኝ በእጄ የፈለፈልሁት። ተቀመጪ፤ ሰው ይውጣና እናወራለን።»

ተቀመጠች። እሱ ከሰው ፊት «መስቀል ነው ጨረቃ የምትፈልጊው?» ብሎ መጠየቅ አልሆነለትም። ካህናቱ አሉ፤ የቡልጋ ዘመዶች አሉ። ትንሽ ነው የቀረው፤ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ። ሙጫውን ለማሞቅ ወደ ኡሙሰልማ እሳት ሄደ።

ሱሩር አጠገቡ መጣ። «ነገርካት?»

«ሰው ይውጣ።»

«ገብሬ፣ ዞር በልና እይ።»

ዞር አለ። አግዳሚውን ከሩቅ አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሲያየው አፍንጫውን አስጠግቶ፣ መሮውን ይዞ ነው። አሁን ከአጥሩ ጥግ ሆኖ አየው። ሦስቱ ነጫጭ መስቀሎች ፀሐይ ላይ ያበራሉ። ከዘመናይ ራስ አጠገብ ያለው አራተኛው ጥቁር ነው። ተሠርቶ የሚጠብቅ አይመስልም። የነበረ ነገር በመሮ ተፈንቅሎ የወጣበት ነው የሚመስለው። በርጩማዋን በመጥረቢያ የፈለጠ ሰው መስቀሏንም ነቅሎ፣ ቁስሉን አሳይቶ፣ «ያንቺ ነው» እንዳላት ሁሉ። የቡልጋዋ ዘመድ ለጎረቤቷ በጆሮዋ አንድ ነገር ስትላት፣ ሁለቱም ጉድጓዱን ሲያዩ አየ። ዘመናይም ሲያዩ አየቻቸው።

«ያ ረቢ» አለ ሱሩር በሹክሹክታ። «ሩጥ።»

ገብረወልድ የሙጫውን ጣሳ ከእሳቱ ላይ በባዶ እጁ አነሣ። ማቃጠሉ አልተሰማውም። በሰው መካከል እየተጋፋ ሄደ። አንዱ ሽማግሌ ከፊቱ ቆመው «አንተ ገብረወልድ፣ ይኸ ቅርጽ መቼስ ድንቅ ነው!» አሉት። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ» እያለ አለፋቸው። ሲደርስ ዘመናይ ተነሥታለች። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባለች። የኡሙሰልማ ሥጋ በሣህን ከፊቷ ቀርቧል፤ አልተነካም።

ተያዩ። አንድ እጁ ጣሳውን ይዟል። ሌላው ኪሱ ውስጥ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለውን አጥንት ጨብጧል። ያን ሁሉ ቀን በመጋዝ የተለማመደው ስም ጉሮሮው ድረስ መጥቷል። ከካህናቱ አንዱ ቀና ብለው ያዩታል። የቡልጋዎቹ መብላት አቁመዋል። ገብረወልድ አፉን ከፈተ። ዘሃራ ለማለት ዘመዶቹን ፈራ፤ ዘመናይ ለማለት እሷን ፈራ። እንዲያው አፉን እንደከፈተ ቀረ። እጁም ከኪሱ አልወጣም።

ጎንበስ ብላ የእናቷን ቦታ ሳመች። ከዚያ በአጠገቡ አለፈች። ኃይለየሱስ «እትዬ፣ ምነው? ገና ምኑን ተቀመጥሽና?» እያለ ተከተላት። በሩን ወጣች።

ከአጥሩ ውጪ አብዱልመናን «ቶሎ ወጣሽ እኮ፤ ምን ሆንሽ?» ሲላት ተሰማ። ዳሱ በሙሉ መልሷን ይጠብቅ ነበር። ጣሳው ውስጥ ያለው ሙጫ ዳር ዳሩን መርጋት ጀምሯል።

የኮርቻው ቆዳ ሲጥ አለ፤ ወጥታበታለች። ከዚያ የበቅሎዋ ኮቴ በሐዲዱ ዳር ወደ ሞጆ ሲርቅ ብቻ ተሰማ።