የመብራቱ ደዋይ

የሬዲዮ ጣቢያው በሃያ ዓመት ውስጥ አምስት መልክ ቀያይሯል። መጀመሪያ ከጠዋት እስከ ማታ ወሬ ነበር፤ የሰፈር ሰው እየደወለ ስለ ቧንቧው፣ ስለ አከራዩ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ያወራል። ከዚያ አንዱ አለቃ ለወሬ የለው ፍሬ ብሎ ወደ ሙዚቃ አዞረው። ቀጣዩ ኳስ አለ፣ ሌላው የጤና ምክር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ጣቢያው አዲስ አድማጭ ሲያሳድድ የድሮው ጥሎት ሄደ። አሁን ደግሞ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ "ወደ ወሬ ተመልሰናል" ብሎ በሩ ላይ አስለጥፏል። ለደዋዮቹ ግን የነገራቸው የለም።

መቀስ ይህን ሁሉ ያየችው ከአንድ ወንበር ላይ ሆና ነው። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። የድምፅ ቴክኒሻን ናት። ደዋይ የሚናገረው ወደ አየር የሚወጣው ከሃያ ሰከንድ በኋላ ስለሆነ፣ ስድብ ወይም መዘዝ ያለው ነገር ስትሰማ ቀዩን ቁልፍ ተጭና ትቆርጠዋለች። የስንቱን ሰካራም አፍ እንደዘጋች እሷም አታውቀውም።

ሥራ አስኪያጁ እስከ ወሩ መጨረሻ ስልክ ካልጮኸ የስልክ ክፍሉ ይዘጋል ብሏታል። የስልክ ክፍሉ ማለት እሷ ናት። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ማን ይቀጥራታል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ከመዝገብ ቤት የተቀዱ የድሮ ጥሪዎችን አወጣች። የያኔውን አቅራቢ ድምፅ ቆርጣ ጣለችና ክፍተቱን ለአሁኑ ተወችለት። እሱም በክፍተቱ ውስጥ "እሺ አባባ፣ ከዚያስ?" ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልነቃባቸውም። እሷን ግን ይከነክናት ነበር፤ ከስርቆት ሌላ ስም አላገኘችለትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስለ መንገድ መብራት የሚያማርሩ ሽማግሌ አሰማች። ከደጃፋቸው ያለው መብራት ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሚስታቸው በጨለማ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፣ ማመልከቻ መጻፍ ሰልችቷቸዋል። አቅራቢው ይሠራል አባባ እያለ አጽናናቸው። ሽማግሌው ተሰናብተው ሳይጨርሱ ስልኩ ጮኸ። እውነተኛ ስልክ ነበር። መቀስ ከደስታዋ ብዛት ማንነቱን እንኳ ሳታጣራ አስገባችው።

"አሁን የተናገረው ባለቤቴ ነው" አሉ አንዲት አሮጊት። "ከሞተ ስድስት ዓመቱ።"

ከመስታወቱ ወዲያ አቅራቢው ክው አለ። ጣቱን በአንገቱ ላይ አሳልፎ ቁረጪው አላት። ሃያ ሰከንድ አላት። ከቆረጠችው ወንበሯም ውሸቷም ይተርፋሉ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አሮጊቷም ቀጠሉ።

"ልቆጣ አይደለም የደወልኩት። ሬዲዮኑን እሱ ካቆመበት ጣቢያ ነክቼው አላውቅም፤ ኳሱንም ሙዚቃውንም ችዬ ሰምቻለሁ። መብራቱ ተሠርቷል ልላችሁ ነው። በሞተ በሳምንቱ ሠሩት።"

መቀስ ጣቷን አነሳች። አፍታም ሳይቆይ በኮሪደሩ ካለው የጥበቃው ሬዲዮ "አሁን የተናገረው ባለቤቴ ነው" የሚለው ድምፅ ተሰማ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

ሰዓቱ ሳያልቅ መስመሮቹ በሙሉ ተጨናነቁ። ግማሹ ይሳደባል፣ ግማሹ የራሱ ሟች ድምፅ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ሲመጣ መቀስ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን ከሰኞ ጀምሮ የሟቾች ድምፅ ብቻ እናስተላልፋለን፣ ኃላፊዋም አንቺ ነሽ አላት። ስድስተኛው መልክ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቦቻቸውን እጠይቃለሁ ብላው ወጣች።

በማግስቱ በእኩለ ቀን የሽማግሌውን ድምፅ በፍላሽ ገልብጣ፣ ሰፈራቸውን በስልክ ጠይቃ አሮጊቷ ዘንድ ሄደች። ቤቱን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ከደጃፉ ያለው መብራት በጠራራ ፀሐይ በርቶ ቆሟል።

"ቀንም አይጠፋም እንዴ፣ እማማ?"

"ከሠሩት ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ሌሊት መስኮቴ ላይ እያበራ እንቅልፍ ነሳኝ።"

"ታዲያ ለምን አይደውሉም? እኔው ራሴ አስገባዎታለሁ።"

አሮጊቷ ፍላሹን በመዳፋቸው ገልበጥ አድርገው አዩት።

"መደወሉ እኮ የሱ ሥራ ነበር፣ ልጄ" አሉ።