ሦስተኛው አንቀጽ

ኔሬይዳ አስተያየቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ኮምፒውተሩን ልታጠፋው እጇን ሰደደች። ስክሪኑ ብቻ ጠቆረ። መልሳ ስታበራው ጽሑፉ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

«ስሜ ኦብዱሊያ ነው። ብሎግሽን አነበብኩ። ኬኩ የእኔ ነው። ሁለት አንቀጽ ጨረስኩ። ሦስተኛው አንቀጽ ዓርብ ነው።»

በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ነጥቡን ሁሉ በየቦታው አሳምሮ ይዟል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ዓርብ ማለት ነገ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ዶን ኤውሴቢዮ። ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ ስለ አሮጌ የጭነት መኪናቸው ብቻ የሚጽፉ የስልሳ ሦስት ዓመት ተማሪ ናቸው።

«ኦብዱሊያ አስተያየት ጻፈችልኝ።»

«የትኛዋ ኦብዱሊያ?»

«አበልጄ ነቻ! ባለ ኬኳ!»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። አንብበው ሲጨርሱ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አይሳቁ እንጂ!»

«አልሳቅሁም ልጄ። ነጥብ አጠቃቀሟ ገርሞኝ ነው። ከእኔ ትበልጣለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርቷ ክሪስታ ለእያንዳንዱ የደረጃ ሦስት የእንግሊዝኛ ተማሪ ኢንተርኔት ላይ የብሎግ ገጽ ከፍታለች። በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ተማሪም ለሁለት ጓደኞቹ አስተያየት የመጻፍ ግዴታ አለበት። የዚህ ሳምንት ሥራ ሦስት አንቀጽ ነበር፤ አንደኛው ችግሩ፣ ሁለተኛው ምክንያቱ፣ ሦስተኛው መፍትሔው። ሌላው ሰው ስለሚያንኮራፋ ባልና ስለ መኪና ማቆሚያ ጻፈ። ኔሬይዳ ስለ ኬክ ጻፈች።

ቅዳሜ የልጇ የሲትላሊ የአሥራ አምስት ዓመት ድግስ ነው። እንደ አገራቸው ወግ የድግሱ ወጪ ሁሉ በክርስትና ዘመዶች ተከፋፍሏል። ለጫማው አንዲት የክርስትና እናት፣ ለዘውዱ አንድ የክርስትና አባት፣ ለሙዚቃው ሁለት ወንድማማቾች ቆመዋል። ኬኩን ሲትላሊን ክርስትና ያነሳቻት ኦብዱሊያ ይዛዋለች። ማንም አልሰጣትም። ልጅቷ ገና ጥርስ ሳታወጣ «የዚህችን ልጅ ኬክ ከእኔ ሌላ ሰው ቢነካ ወዮለት!» ብላ ያወጀችው ራሷ ናት። ችግሩ፣ የኦብዱሊያ ኬክ በሦስት ዓይነት ወተት የሚርሰው የሦስት ወተት ኬክ ይባላል እንጂ የአንዱንም ወተት ፊት ያየ አይመስልም። አንዴ ኔሬይዳ እየዋጠችው አንቋት ጀርባዋን የደበደቡላት ቄሱ ናቸው።

ይህንን ደግሞ ለኬኩ ባለቤት መንገር አይቻልም። አበልጅ ናት፤ አበልጅ ከእህት በላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለኔሬይዳ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ነበር። በእናቷ ቋንቋ አሥራ አምስት ዓመት አፏ ላይ ያልመጣውን በእንግሊዝኛ በሃያ ደቂቃ ዘረገፈችው። በሰፈሯ እንግሊዝኛ የሚያነቡት ልጆች ናቸው፤ የእናቱን የቤት ሥራ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ልጅ ደግሞ እስካሁን አልተፈጠረም። እንዲህ ብላ ተማምና ነው በሦስተኛው አንቀጽ መፍትሔውን ያሰፈረችው። ወንድሟ ቼማ ኬኩን ይዞ ወደ አዳራሹ ሲገባ ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ከዳቦ ቤት የታዘዘ ሌላ ኬክ በአዳራሹ ፍሪጅ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል። ቼማ ከሰኞ ጀምሮ በጓሮ ሳር ላይ አወዳደቅ እየተለማመደ ነው።

ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር። አሥራ አንድ ሰው አስተያየት ጻፈላት። እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ኔሬይዳ በሕይወቷ እንደዚያ ኮርታ አታውቅም ነበር።

«ቲቸር፣» አለች ተነስታ፣ «ኦብዱሊያ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ኦብዱሊያማ ከመጋቢት ጀምሮ የደረጃ አንድ ተማሪዬ ናት። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት፣» አለች ክሪስታ ፈገግ ብላ። «የእናንተን ጽሑፍ ለንባብ እሰጣቸዋለሁ። የሚያውቁት ሕይወት ስለሆነ ይወዱታል። ያንቺን ማክሰኞ ጀመርነው፤ ሰዓት አልበቃንም እንጂ ጎበዞች ናቸው።»

«ለሌላ ሰው ይሰጣል ብለሽ ነግረሽናል?»

«በመጀመሪያው ቀን ነግሬያችኋለሁ። ብሎግ ለዓለም ክፍት ነው አላልኩም?»

«ዓለም ስትይኝ እኮ ይሄ ክፍል መስሎኝ!»

ክፍሉ ሳቀ። ክሪስታ ግን የኔሬይዳን ዓይን አይታ ሳቋን ዋጠችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ገጹ ያንቺ ነው። ካልፈለግሽው አሁኑኑ ማጥፋት ትችያለሽ። ነገ ለክፍሉ ሌላ ጽሑፍ እሰጣለሁ።»

«አጥፊው!» አሉ ዶን ኤውሴቢዮ። «በምትኩ ስለ እኔ መኪና ጻፊ። ብትሰድቢው ቅር አይለውም።»

ኔሬይዳ በስልኬ አጠፋዋለሁ ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በሚኖሩበት በያኪማ ሸለቆ የቼሪ ፍሬ ወቅት ነው። ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት የፍራፍሬ ማሸጊያው በር ላይ የፀጉር መረቧን ስታጠልቅ ገና አላጠፋችውም ነበር። ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ ስልኩ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው እንደ ሰው ተናገራትና ሁለቱንም ጊዜ ወደኋላ ተመለሰች።

ውስጥ ስትገባ ኦብዱሊያ ቦታዋን ቀይራለች። ዘጠኝ ወቅት ሙሉ በቀኟ ቆማ ቼሪ ስትለቅም የኖረች ሴት ዛሬ ቼሪውን ከሚያሳልፈው ማሽን ወዲያ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ ቆማለች። ማሽኑ ይጮኻል፤ የሁሉም ጆሮ ተደፍኗል፤ መነጋገር አይቻልም። ኦብዱሊያ ቀና ሳትል የተሰነጠቀውን ትጥላለች፣ የበሰበሰውን ትጥላለች፣ ወፍ የቀመሰውን ትጥላለች። እጇ ወደ ቆሻሻው ገንዳ በተመላለሰ ቁጥር ኔሬይዳ የተጣለችው እሷ እየመሰላት ሦስት ሰዓት አለፈ።

እረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ኦብዱሊያ ውጭ፣ ጥላው ሥር ካለው የእንጨት ጠረጴዛ ሄዳ ተቀመጠች። እንደ ሁልጊዜው በፎይል የተጠቀለለ ሁለት ቡሪቶ፣ ወጥ የታቀፈ ጥቅል ቂጣ፣ አወጣችና አንዱን ወደ ፊት ገፋችው።

«አበልጄ...» አለች ኔሬይዳ ቆማ።

«ተቀምጠሽ ብዪ። ይሄኛው ደረቅ አይደለም።»

ኔሬይዳ ተቀመጠች። ፎይሉን ፈታችው።

«ትምህርት መግባትሽን ለምን ደበቅሽኝ?»

«ዛሬ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ነው ኬኬን የበላሽው?»

«አሥራ አምስት።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እጅሽ ይባረክ ስትዪኝ ኖረሻል!»

«እጅሽማ ይባረክ። ኬኩ ነው እንጂ...»

«ጨርሺዋ! በእንግሊዝኛ አፍሽ ተፈትቶ የለ?»

«ደረቅ ነው፣» አለች ኔሬይዳ። «እንደ ጡብ።»

ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ማኘካቸውን አቆሙ። ኦብዱሊያ አየር ስባ፣ አየር አስወጥታ፣ በእጇ ጠረጴዛውን ጠፈጠፈችው።

«ሁሉም የሮኼሊዮ ጉድ ነው!»

«ባልሽ?»

«ሲትላሊ ክርስትና የተነሳች ቀን ኬኩን ወተት አጠጥቼ አጠጥቼ አልነበር? መኪና ውስጥ ስናስገባው ወተቱ እንዳለ የሮኼሊዮ ወንበር ላይ ፈሰሰ። በጋውን ሙሉ መኪናው የከረመ እርጎ ሸተተ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር መኪናዬ አይገባም ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ ሩቡን ብቻ ነው የማፈሰው። ሰው ሁሉ ግሩም ነው፣ ግሩም ነው ሲለኝ፣ ለካ ወተቱ ትርፍ ነገር ኖሯል ብዬ ተውኩት! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ሴትዮ አነቀን አይልም?»

«ቄሱ እንኳን አላሉም፣» አለች ኔሬይዳ፤ ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ኦብዱሊያም ልትስቅ ጀምራ ሳቋን መለሰችው።

«ትምህርቱን የደበቅሁት ብወድቅ እንዳታውቂ ነው፣» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ደረጃ ሦስት ስትገቢ እዚሁ ወንበር ላይ፣ አጠገቤ ሆነሽ ስልክሽን እያየሽ ብቻሽን መሳቅ ጀመርሽ። ምንድነው ስልሽ፣ የእንግሊዝኛ ነው፣ አይገባሽም አልሽኝ። የት እንደሄድሽ ልይ ብዬ ነው የገባሁት።»

ኔሬይዳ ያንን ማለቷን አስታወሰች። እንዲሁ እንደ ዋዛ ነበር ያለችው፤ ፊቷን እንኳ ወደ እሷ ሳታዞር። ከኬኩ ይልቅ ይህ ቆረቆራት።

«ይቅርታ አበልጄ።»

«የኬኩን ነገር ውጬዋለሁ። ነገ ሦስቱንም ወተት እስኪጠግብ አጠጣዋለሁ፤ ሮኼሊዮ ከፈለገ ወንበሩን ነቅሎ በጭንቅላቱ ይሸከም። አሁን የቀረውን ንገሪኝ።» ኦብዱሊያ ጎንበስ ብላ ቀረበቻት። «ቲቸር መፍትሔ የሚጻፈው በሦስተኛው አንቀጽ ነው ብላናለች። አገላብጬ አየሁት። የገባኝ የቼማ ስም ብቻ ነው። ወንድምሽ ከኬኬ ጋር ምን አገናኘው?»

ስልኩ ኔሬይዳ ጭን ላይ ነበር። ገጹ እንደተከፈተ ነው፤ ማጥፊያዋም ከአውራ ጣቷ ሥር ናት። አንድ ጊዜ መንካት ነው። ከዚያ «ከአበልጄ ጋር ቁጭ ብዬ እነጋገራለሁ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ቼማ ወንበር ያመጣል» ብትላት ኦብዱሊያ ታምናለች። ለዚህች ሴት ውሸት መንገር አሥራ አምስት ዓመት የለመደችው ሥራ ነው፤ ምላሷ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ከዚያስ? ኦብዱሊያ ደረጃ ሁለት ትገባለች፣ ደረጃ ሦስት ትገባለች፣ ከዶን ኤውሴቢዮ ጎን ተቀምጣ እውነቱን ትሰማለች።

ስልኩን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ በመሐላቸው።

«ቅዳሜ፣» ብላ ጀመረች እያንዳንዱን ቃል ወደ ቋንቋቸው እየመለሰች፣ «ወንድሜ ቼማ ኬኩን ተሸክሞ አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ተንሸራቶ ይወድቃል።»

ኦብዱሊያ ዓይኗን ስልኩ ላይ ተከለች።

«ሁሉም ሰው ይጮኻል። እኔም እጮኻለሁ። ከዚያ ከፍሪጅ ሌላ ኬክ አወጣለሁ። ከዳቦ ቤት ያዘዝኩት ነው። አበልጄ ታለቅሳለች፤ እንግዶቹ ግን ይደሰታሉ።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «አለቀ።»

ሁለቱ ልጃገረዶች ምራቃቸውን ለመዋጥ እንኳ የፈሩ ይመስላሉ።

«ቼማ፣» አለች ኦብዱሊያ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ቼማ? ያ ሆዳም? ከተወለደ ጀምሮ ምግብ ከእጁ ወድቆ ያውቃል?»

ልጃገረዶቹ ፈነዱ። ኔሬይዳም ሳቀች፤ ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኦብዱሊያ ግን አልሳቀችም። ፎይሉን በጥንቃቄ አራት ቦታ አጠፈችው።

«እንግዲህ ሁለት ኬክ ይቅረብ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የዳቦ ቤቱ። አንቺ ከየትኛው እንደምትቆርሺ አያለሁ።»

ኔሬይዳ ስልኩን አነሳችና ቁጥር መታች፤ ኦብዱሊያ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ዶኛ ቴክላ፣ ኔሬይዳ ነኝ። የቅዳሜው ኬክ ይሰረዝልኝ።»

«ምነው ልጄ?» አለ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ድምፅ። ከኋላዋ መደባለቂያው ይጮኻል። «ነገ ጠዋት ምድጃ ላስገባው አይደል እንዴ? ያቺ የጡብ ሠሪዋ አበልጅሽስ?»

ኦብዱሊያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የከተማው ሕዝብ ሁሉ ያውቃል ለካ።

«እሷ ትጋግረዋለች።»

«ደግሞ እንደ ልማዷ ከደረቀስ?»

ኔሬይዳ ቀና ብላ አበልጇን አየቻት።

«ከደረቀ እንበላዋለን፣» አለች፤ «ለእሷም ደረቅ ነው እያልናት!»

ስልኩን ዘጋችው።